ሁለት ጊዜ የቀየርኳት መጋጠሚያ

የንስሐ አባቴ በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ቤቴ ይመጣሉ። ሰው ማማቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም የገደፍኩባቸውን ቀናት አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። ስጨርስ «ሌላስ፣ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም፣ አባቴ» እላለሁ። ዓይናቸውን እያየሁ ነው የምለው። ሌላ ግን አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ነበረ። ለእሳቸው አልተናገርኩም። አጠገቤ ለምትተኛው ሚስቴ አልተናገርኩም። ጂማ ውስጥ ይህን ነገር ከእኔ አፍ የሰማ አንድም ሰው የለም። አሁን የምታነቡት እናንተ የጂማ ሰዎች የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። እንድትፈቱኝ አልጠይቃችሁም። እስከ መጨረሻው ስሙኝ ብቻ።

ግርማ እባላለሁ። ሂርማታ ሰፈር፣ ወደ አዌቱ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ የውሃ ፓምፕና የመኪና ማጠቢያ ማሽን የምጠግንበት ትንሽ ሱቅ አለኝ። ከሰኮሩ ወደ ጂማ የመጣሁት በሃያ ዓመቴ ነው። ሙያውን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ፣ እያበላሸሁ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው የተማርኩት። አርባ ዓመት ሲሞላኝ ስሜ ሊሙ ገነት ድረስ ደርሶ ነበር። የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ፓምፕ ከቆመ «ግርማን ጥሩት» ይባላል። «ግርማ ካልቻለው ጣሉት» ይባላል። ይህን መስማት እወድ ነበር። ምን ያህል እወደው እንደነበር ያወቅኩት፣ ለእሱ ብዬ ምን እንዳደረግኩ ካየሁ በኋላ ነው።

ከሱቄ ፊት ለፊት የሐጂ ሙስጠፋ ላቫጆ ነበር። ውሃውን በኃይል የሚገፋው ማሽን ቀን ግቢው መሃል ይቆማል፤ ሲመሽ እየተገፋ መጋዘን ይገባል። ረጅሙ የውሃ ጎማ ግን ግድግዳ ላይ በተተከለ የብረት ከበሮ ተጠቅልሎ ያድራል። ጠዋት ማሽኑ ሲወጣ አንድ አጭር ጎማ ከማሽኑ ይመጣና ከበሮው ጎን ካለች የነሐስ መጋጠሚያ ጋር ይታሰራል። በጡጫ ውስጥ የምትደበቅ ነገር ናት። ከበሮው ሲዞር አብራ ትዞራለች፤ የማሽኑ ውሃ ሁሉ፣ ከነጉልበቱ፣ በእሷ ውስጥ ነው የሚያልፈው።

በየጠዋቱ ያንን አጭር ጎማ የምታስረው ዘይነባ ነበረች።

ዘይነባ የደዶ ሰው ናት። ባሏ ሲሞትባት ራህማ የምትባል አንዲት ልጇን ይዛ ወደ ጂማ ወረደች። ሐጂ ላቫጆ ውስጥ ሥራ የጀመረችው የመኪና ምንጣፍ በማጠብ ነው። ከዚያ አንድ ቀን አጣቢው ሲቀር ውሃ መርጫውን አነሳች፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አላስጣላትም። ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁባት። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከሊሙ ጭቃ ለብሰው የሚመጡት የጭነት መኪና ሹፌሮች «ዘይነባ ካልሆነች አላሳጥብም» ማለት ጀመሩ። ሥራዋን አውቃለሁ። በየቀኑ ከሱቄ በር ላይ ቆሜ አያት ነበር። ያንን ጎማ በእጇ አዙራ አትተወውም። በእጇ ታዞራለች፣ በቁልፍ ታጠብቃለች፣ በጨርቅ ትጠርጋለች፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ሳብ ታደርገዋለች። በየቀኑ። ይህን ማየቴን አስታውሱልኝ፤ አላየሁም ማለት አልችልም።

ነገሩ የተጀመረው በቡና ወቅት ነው። መኪናው ተሰልፏል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ዘይነባ ከመንገዱ ማዶ ጠራችኝ፤ «ኦቦ» የምትለኝ በኦሮምኛ «አቶ» ብላ ስታከብረኝ ነው።

«ኦቦ ግርማ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ ይህቺን ነገር እያት። ታንጠባጥባለች።»

አየኋት። መጋጠሚያዋ አርጅታለች፤ ውስጧ ተበልቷል፣ ጥርሷም ሊያልቅ ነው። መቀየር አለባት። ትክክለኛዋ ደግሞ ጂማ ውስጥ የለችም፤ ከአዲስ አበባ ነው የምትመጣው። ሐጂ ሙስጠፋ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ መጡ።

«ስንት ቀን ይፈጃል፣ ግርማ?»

«ከአዲስ አበባ እስክትመጣ አራት አምስት ቀን ነው፣ ሐጂ።»

«ኸረ! ማሽኑ አምስት ቀን ሊቆም ነው?» አሉና ሰልፉን አዩ። አልተቆጡም። አላስገደዱኝም። «በቃ፣ ከሆነ ይሁና። ምን ይደረጋል» ብለው ሊሄዱ ነበር። ይህን የምነግራችሁ እሳቸው ላይ እንዳታላክኩ ነው። ያስቸኮለኝ ሰው አልነበረም። ሦስት ሹፌሮች ቆመው ይሰሙ ነበር፤ አንደኛው «ግርማም እንዲህ ይላል?» ብሎ ሳቀ። ይኸው ነው። በቃ፣ ይህቺ ሳቅ ናት። እኔም «ቆይ፣ ከሰዓት በኋላ ይሠራል» አልኩ።

ሱቄ ገብቼ የአሮጌ ዕቃ ሳጥኔን ገለበጥኩ። ከቤት ቧንቧ ላይ የወጣች አንዲት የነሐስ መጋጠሚያ አገኘሁ። መልኳ ይመስላል፤ ጥርሷ ግን አይገጥምም። ቶርኖ ቤት ወስጄ ጥርሷን እንደገና አስቆረጥኩ። ቶርኖው ላይ የነበረው ሰውዬ አገላብጦ አያትና «ይህቺ እኮ አሁን ሳሳች፣ ለጉልበት ሥራ እንዳትሆን» አለኝ። «ለጓሮ ውሃ ናት» አልኩት። የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነው። ማንም ሳይጎዳ፣ ማንም ሳይከሰኝ የዋሸሁት። ለምን ዋሸሁ? ትክክል ባልሆነ ነገር ላይ እጄን እያስገባሁ እንደሆነ ስለማውቅ ነዋ! የማያውቅ ሰው ይዋሻል?

ወስጄ ገጠምኳት። ቀየርኳት። ማሽኑ ተነሳ፣ ውሃው ሄደ፣ ሹፌሮቹ ጮኹልኝ። ዘይነባ ጣቷን መጋጠሚያዋ ላይ አድርጋ ጠብታ ፈለገች፤ የለም።

«ይህቺ ትችላለች?» አለችኝ።

«እኔ ሠርቻት?» አልኳት።

ሳቀች። «አንተ ካልክ እሺ።»

በአምስተኛው ቀን ትክክለኛዋ መጋጠሚያ በአውቶቡስ መጣችልኝ። አዝዣት ነበርና። ካርቶኗን ከፈትኩ፣ አየኋት። ወፍራም፣ ከባድ፣ የምትችለው ጉልበት ጎኗ ላይ የተጻፈባት። መደርደሪያዬ ላይ አስቀመጥኳት። ነገ እቀይራታለሁ አልኩ። ለመቀየር ማሽኑን ግማሽ ሰዓት ማቆም አለብኝ፤ ማሽኑ ከቆመ ሐጂ «ሠርተኸው አልነበር?» ይሉኛል፤ «እንዲያው ለጊዜው ነበር» ማለት አለብኝ። ይህቺን አንድ አረፍተ ነገር ላለመናገር አሥራ ሁለት ቀን ቆየሁ። መጋጠሚያዋ ከራሴ በላይ መደርደሪያው ላይ ሆና፣ ከመንገዱ ማዶ ዘይነባ ያቺን ስስ ነሐስ በየጠዋቱ እያጠበቀች። ድህነት አይደለም። አለማወቅ አይደለም። ዕቃው አጠገቤ ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ የመኪና ጎማ የፈነዳ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ጩኸት። ስወጣ አጭሩ ጎማ ተለቆ ግቢውን ከግድግዳ ግድግዳ ይገርፋል፤ ጫፉ ላይ የታሰረው ብረት የመኪና መስታወት ሲሰብር አየሁ። ሮጬ ማሽኑን አጠፋሁ። ዘይነባ ከበሮው ሥር ወድቃለች። ሁለት እጇን ቀኝ ዓይኗ ላይ አድርጋለች፤ በጣቶቿ መሃል ደም ይወርዳል። አትጮኽም ነበር። «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ብቻ ትላለች፣ ቀስ ብላ፣ ሰው እንደምትጠይቅ።

አንስተው ባጃጅ ውስጥ አስገቧት። ሐጂ ነጠላ ጫማቸው አንዱ እግራቸው ላይ ቀርቶ ተከትለው ሮጡ። አጣቢዎቹ በሌላ ባጃጅ ሄዱ። አንዱ «ጋሽ ግርማ፣ ና እንጂ!» አለኝ። «ሂዱ፣ እኔ ማሽኑን ልይ» አልኩ።

ማሽኑን ልይ! ሰው ዓይኗ ፈሶ ወደ ሆስፒታል እየተወሰደች እኔ ማሽን ላይ ቀረሁ። ግቢው ባዶ ሆነ። ወደ ከበሮው ሄድኩ። መጋጠሚያዋ መሃል ለመሃል ተቆርጣለች፤ ግማሿ ከጎማው ጋር ሄዳለች፣ ግማሿ ከበሮው ውስጥ ቀርታለች። ያ ቶርኖው ላይ የነበረው ሰውዬ ያሳየኝ ስስ ቦታ ላይ ነው የተቆረጠችው።

መንገዱን ተሻገርኩ። ከመደርደሪያዬ ላይ ትክክለኛዋን አነሳሁ። ቁልፌን ያዝኩ። ተመልሼ የተሰበረችውን ግማሽ ከከበሮው ፈታሁ፣ ሌላውን ግማሽ ከጎማው ጫፍ ፈታሁ፣ ሁለቱንም ኪሴ ከተትኩ። አዲሷን ከበሮው ላይ ገጠምኳት። አዲስነቷ እንዳያስታውቅ ግራሶና ጭቃ ቀባኋት። ጎማውን ሳላስር መሬት ላይ ጣልኩት፤ ተፈትቶ የወደቀ እንዲመስል። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። አንዲት ጥርስ እንኳ አልሳትኩም። ለመናገር የሚከብደኝ ይህ ነው። እግዚአብሔር የሰጠኝን ሙያ ሁሉ፣ ሃያ ዓመት የተማርኩትን ሁሉ፣ እዚያች አሥር ደቂቃ ላይ አዋልኩት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ንጹሕ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ወደ ሆስፒታል ስሄድ ድልድዩ ላይ ቆሜ የተሰበረችውን አዌቱ ውስጥ ጣልኳት።

መጀመሪያ የቀየርኳት ለስሜ ነበር። ሁለተኛም የቀየርኳት ለስሜ ነው። በመጀመሪያው ዓይኗን ወሰድኩ። በሁለተኛው ምን እንደወሰድኩ ያኔ አላወቅኩም።

ከሳምንት በኋላ ዘይነባ ፋሻዋን እንደታሰረች ላቫጆ መጣች። ሐጂ ሁለት ሽማግሌዎች ጠርተው ጥላ ሥር ተቀምጠናል። ሐጂ መጀመሪያ የተናገሩት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «ዕቃው ተሰብሮ ከሆነ ሸክሙ የኔ ነው። እስክሞት ድረስ ይህቺን ሴት ከነልጇ እሸከማለሁ፣ ወላሂ። እሷ ረስታ ከሆነ ግን ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው፣ የአቅማችንን እንረዳታለን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ግርማ፣ አንተ ባለሙያ ነህ። ከመካከላችን የሚያውቅ አንተ ነህ። ተሰብሮ ነው ወይስ ተፈትቶ?»

እውነቱን ብናገር ማንም አይገድለኝም ነበር። ሐጂ ሸክሙን ቀድመው አንስተውልኛል። ማድረግ የነበረብኝ አፌን ከፍቶ «ተሰብሮ ነው፤ የሰበርኩትም እኔ ነኝ» ማለት ነበር።

«ሄዳችሁ እዩት፣ ሐጂ» አልኩ። «መጋጠሚያዋ ደህና ናት። ጎማው ስላልጠበቀ ተፈትቶ ነው የወጣው።»

ሄደው አዩ። ደህና ናት። እኔ ራሴ ደህና አድርጌያታለኋ! ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘይነባ በአንድ ዓይኗ መሬት መሬት እያየች ቆየች።

«አጥብቄ ነበር መሰለኝ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «አላጠበቅኩም፣ ኦቦ ግርማ?»

በየጠዋቱ አያት የነበርኩት ሰውዬ ነኝ። ያን ማክሰኞም አይቻታለሁ። በእጇ፣ በቁልፍ፣ በጨርቅ፣ ሁለት ጊዜ ሳብ።

«አላጠበቅሽም» አልኳት።

«ግርማ ካለ እውነት ነው» አለች። ሽማግሌዎቹንም ሐጂንም «ጊዜያችሁን ወሰድኩ፣ አፉ በሉኝ» ብላ ይቅርታ ጠየቀች። እሷ ይቅርታ ጠየቀች! ለተሰበረው የመኪና መስታወት ሳይቀር ሹፌሩን ይቅርታ ጠይቃለች።

በወሩ ሱቄ መጣች። ቁስሏ ደርቆ ነበር። በጋዜጣ የተጠቀለለ ሁለት እጅ ሙዝ ይዛለች። «ማሽኑን ሮጠህ ያጠፋኸው አንተ ነህ አሉኝ። አንተ ባትደርስ ሌላም ሰው ይጎዳ ነበር። ገለቶማ» አለችኝ፤ በኦሮምኛ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። አንገቴን ደፍቼ ቁልፍ መጥረግ ጀመርኩ። ሐዘን መሰላትና ታጽናናኝ ጀመረች። «ተወው፣ የአላህ ቀደር ነው» አለችኝ። የኔን ሥራ ለአላህ ስትሰጠው ተቀምጬ ሰማኋት። ሙዙንም ተቀበልኩ። እቤት ወስጄ ለልጆቼ ሰጠሁ።

ሐጂ ወደ ሥራ ተመለሽ አሏት፤ ምንጣፍ ብታጥብም፣ ሒሳብ ብትቀበልም። እምቢ ያለችው እሷ ናት። «እጄ ይረሳል፣ ሐጂ። ነገ ሌላ ሰው ብገድልስ?» አለቻቸው። ያኔ ነው ሁለተኛው ቅያሬ ምን እንደወሰደ ማየት የጀመርኩት። ጎረቤቶቿ ያወሩ ነበር፤ ዘይነባ በር ቆልፋ ከመንገድ ትመለሳለች፣ ምድጃ አጥፍታ ሦስት ጊዜ ተነስታ ታያለች፣ ራህማን ወደ ትምህርት ቤት ስትልክ የጫማዋን ክር ሌላ ሰው እንዲያስርላት ትለምናለች። እንደዚያ ባለ እጅ! ሹፌሮች ተሰልፈው በሚጠብቁት እጅ! በዓመቱ ወደ ደዶ፣ ወደ ወንድሟ መሬት ተመለሰች። ስትሄድ ልትሰናበተኝ መጥታ ነበር። ከሩቅ ሳያት በጓሮ በር ወጣሁ።

እኔስ? እኔ በለጸግኩ። ሰው ያምነኛል። ሐጂ ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ፤ እስከ መጨረሻዋ ቀን ወዳጃቸው እንደሆንኩ ያምኑ ነበር። አንድ ጊዜ ልነግራት ቆርጬ መናኸሪያ ድረስ ሄድኩ። የደዶው ሚኒባስ ሞልቶ ሲወጣ አየሁና፣ ሌላ እስኪሞላ ብጠብቅ የሚበቃውን ነገር ሰበብ አድርጌ ተመለስኩ። ሌሎቹን ሰበቦቼን አልቆጥርላችሁም። ሁሉም እንደዚያ ቀላል ናቸው።

ባለፈው ክረምት የሐጂ ልጅ አዲስ አጣቢ ቀጠረ። ከሱቄ በር ላይ ቆሜ ነበር። የቆየው አጣቢ ጎማ አስተሳሰር ሲያሳየው ሰማሁ። «በቁልፍ አጥብቀህ እሰር፣ እንደ ዘይነባ እንዳትሆን» አለው። አዲሱ «ዘይነባ ማናት?» አለ። «እንጃ፣ ድሮ እዚህ የነበረች ናት። ሳታጠብቅ ቀርታ ዓይኗን አጠፋች አሉ።» የቆየው አጣቢም ዘይነባን አይቷት አያውቅም። ግቢው ውስጥ የሚያውቃት አንድ ሰው አልቀረም። ስሟ ግን የግድየለሽነት መጠሪያ ሆኖ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል። በሳምንቱ የደዶው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ደዶ ከጂማ ቅርብ ነው፤ ሽቅብ ነው እንጂ ሩቅ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት የፈጀብኝ መንገድ ከአንድ ሰዓት ብዙም አላለፈም። ጉም ነበር። ቤቷን ጠይቄ ደረስኩ። ራህማ አድጋ፣ አግብታ፣ አራስ ሆና እናቷ ዘንድ ተኝታለች። ዘይነባ ደጅ ላይ ድንች ትልጣለች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ቀኝ ዓይኗ ተከድኗል። በድምፄ ነው ያወቀችኝ።

«ኦቦ ግርማ! ኮቱ፣ ታኢ፤ ና፣ ተቀመጥ» ብላ ተነስታ በርጩማዋን ለቀቀችልኝ። «ራህማ፣ ያ ማሽኑን ያጠፋው ሰውዬ መጣ!»

ለአሥራ አንድ ዓመት በዚያ ቤት ውስጥ ስሜ ይህ ነበር። ማሽኑን ያጠፋው ሰውዬ።

ውስጥ ገባን። የሕፃኑ ሳምንቱ ነው። ራህማ ለመነሳት ስትል «እማዬ፣ አንዴ ያዢልኝ» አለቻት። ዘይነባ ወደ ኋላ ሸሸች። «አይሆንም አልኩሽ እኮ። ጎረቤት ጥሪ» አለች፤ ወደ እኔም ዞራ እንደ ቀልድ «እኔ ሕፃን አልይዝም። የኔን እጅ ታውቀው የለ?» አለችኝ። ሳምንት ሙሉ የልጅ ልጇን አልያዘችም። ሌላ ሰው ሲይዘው ጎንበስ ብላ ትስመዋለች እንጂ አልያዘችም።

ያኔ ነገርኳት። አዘጋጅቼ የሄድኩት ንግግር ነበር፤ ጠፋኝ። ከመጨረሻው ጀመርኩ። «ዘይነባ፣ አጥብቀሽ ነበር» አልኳት። አልገባትም። ስለ ስሷ ነሐስ ነገርኳት፣ መደርደሪያዬ ላይ ስለነበረችው፣ ስለ አሥሩ ደቂቃ፣ ስለ ግራሶው፣ ስለ ድልድዩ። ራህማ «ውጣ! ከቤታችን ውጣ!» ብላ ጮኸች። ዘይነባ እጇን አነሳችና «ተይው። ይጨርስ» አለቻት።

ጨረስኩ። አላለቀሰችም። ከዚያ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ እንደ ባለሙያ፣ ያኔ ሽማግሌዎቹ ፊት ማንም ያልጠየቃትን።

«በቁልፍ ነበር ያጠበቅኩት?»

«በቁልፍ ነው።»

«ሳብ አድርጌ አይቼው ነበር?»

«ሁለት ጊዜ። አይቼሻለሁ።»

«አይተኸኛል» አለች። ያንን ቃል ብቻ ደገመችው። «አይተኸኛል።»

ተነሳች። ጥግ ካለው ጄሪካን ውሃ ቀድታ እጇን ታጠበች፣ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች። ወደ አልጋው ሄደች። ራህማ እያለቀሰች ሕፃኑን ዘረጋችላት። ዘይነባ አንድ እጇን ከአንገቱ ሥር፣ አንዱን ከወገቡ ሥር አድርጋ አነሳችው። ቀኝ ጎኗ ስለማያይ ፊቱን ወደ ግራ አዞረችውና ደረቷ ላይ አስጠጋችው። «ቢስሚላህ» አለች። ከዚያ በኦሮምኛ ለሕፃኑ ብዙ ነገር አወራችለት፤ እኔ አልሰማሁም፣ ለእኔ አልነበረምና።

ተንበረከክሁ። «አፉ በይኝ» ልላት አፌን ስከፍት ሳታየኝ ተናገረች።

«ዛሬ አትጠይቀኝ፣ ግርማ። ዛሬ ልጄን ልያዝ።»

ኦቦ አላለችኝም። ትክክል ናት።

ልወጣ በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ። ሕፃኑን እንደያዘች ነው። «ለኔ ነገርከኝ። ለጂማ ግን የነገርካት ሌላ ነው» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ሐጂ የሉም፤ ሽማግሌዎቹም የሉም። ላቫጆው ግን አለ፣ የሚተላለፈው ወሬም አለ። በየግቢው የሚሠሩት አጣቢዎች፣ ሹፌሮች፣ ሱቄ የሚመጡት ደንበኞቼ ያንብቡት። ከዚህ በኋላ ማሽኑን የሚሰጠኝ ሰው ቢጠፋ፣ ይጥፋ። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ አርባ ዓመቴ ነበር። ፈርቼ ነው አልልም፤ ከመፍራቴ በፊት ነው የዋሸሁት። ሳላስበው ነው አልልም፤ አሥራ ሁለት ቀን አስቤበታለሁ። ዓይኗን መመለስ አልችልም። ያልያዘቻቸውን ነገሮች፣ ያላሰረችውን የልጇን ጫማ፣ በሩን ስትፈትሽ የቆመችበትን መንገድ ሁሉ መመለስ አልችልም። ይቅርታም እስካሁን አልጠየቅኳትም፤ አትጠይቀኝ ብላኛለች፣ ቀኑን የምትመርጠው እሷ ናት፣ ላትመርጠውም ትችላለች። ከእናንተም አልጠይቅም፤ የእናንተ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ከእኔ ስሙና ያንን ወሬ ለሚነግሯችሁ ሁሉ ንገሩልኝ። ያን ማክሰኞ ጠዋት ዘይነባ ጎማውን በቁልፍ አጥብቃ ነበር። አልረሳችም።